ከሆዷ የታሰረ ገመድ

ረፋድ ላይ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር፣ ሣር በበቀለበት የመንደርደሪያ ሜዳ ላይ፣ የግላይደር ክበቡ ሊቀ መንበር አዛውንቱ ልሣነወርቅ እና ሞተር የሌላትን ግላይደር በገመድ እየጎተተ ወደ ሰማይ የሚያወጣት ጡረተኛው ሻምበል ይርዳው በጎታቿ አውሮፕላን ክንፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ።

ይርዳው፦ አልጎትትም ብያለሁ ጋሼ። ገመዱ ከግላይደሯ ሆድ ከታሰረ አልጎትትም።

ልሣነወርቅ፦ ስንት ዘመን ከሆዷ ታስራ ወጥታለች። ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?

ይርዳው፦ ያ በዊንች ነው። ዊንች መሬት ላይ ተተክሎ ገመድ የሚጠቀልል ማሽን ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከሆዷ ይዞ ሽቅብ ቢወረውራት ምን ይሆናል? እኔ ግን ከፊቷ የምበር ሰው ነኝ።

ልሣነወርቅ፦ ዊንቹ ከሞተ በኋላስ አንተው አይደለህ የምትጎትታት? ከሆዷ አስረን፣ እየሳቅን።

ይርዳው፦ እየሳቅን። ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ያኔ «መንጠቆው ወደ አፍንጫዋ ይመለስ» ስል «ሆዷ ለምዷል» አሉኝ። እኔም ለመድኩ።

ልሣነወርቅ፦ ግን አልወሰደህም። ይኸው ተቀምጠህ ትጨቀጭቀኛለህ።

ይርዳው፦ ትናንት ሊወስደኝ ነበር።

ልሣነወርቅ፦ ትናንትማ ጥፋቱ የገመዱ ነው። አርጅቶ ነበር፣ ተበጠሰ። ይኸው አዲስ አስመጣሁልህ፤ ጥንድ በሬ ቢስበው አይበጠስም።

ይርዳው፦ ያዳነኝ እኮ የገመዱ እርጅና ነው! ባይበጠስ ኖሮ ዛሬ እኔ ቤት ድንኳን ተተክሎ ንፍሮ ይበሉ ነበር። እርስዎ ደግሞ የማይበጠስ ገዝተው መጡ።

ልሣነወርቅ፦ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። ተበጠሰ፤ ወረድኩ፤ አረፍኩ። ምን ጎደለ?

ይርዳው፦ እርስዎ አረፉ። እኔ የት እንደነበርኩ ያውቃሉ?

ልሣነወርቅ፦ የት ትሆናለህ? ከፊቴ ነዋ።

ይርዳው፦ ከፊትዎ አልነበርኩም፤ ከሥርዎ ነበርኩ። ገና ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ እንኳ በወጉ ሳንላቀቅ ግላይደሯ ሽቅብ ተነሳች። እርስዎ ሲወጡ ገመዱ ጭራዬን ይዞት ወጣ። ጭራዬ ሲነሳ አፍንጫዬ ተደፋ። መሪውን ወደ ሆዴ ሳብኩት፣ አልሰማኝ አለ። ጋሼ፣ መስታወቴን የሞላው ሰማይ አልነበረም፣ የሽንኩርት ማሳ ነው። አንዲት ሴትዮ ስትኮተኩት አየኋት። ቀና ብላ ስታየኝም አየሁ። መኮትኮቻዋን ጥላ መሮጥ ስትጀምር፣ «የት ልትደርሺ ነው?» ብዬ አዘንኩላት። ለራሴ ማዘን ትዝ አላለኝም።

ልሣነወርቅ፦ ገመድ መልቀቂያ እጀታ አለህ አይደል? ለዚህ ነው የተሰጠህ።

ይርዳው፦ ሳብኩት። ገመዱ እንደዚያ ሲወጠር መልቀቂያው ነክሶ ይይዛል። አንድ እጅ አይበቃውም፤ ሁለተኛውን ልጨምር ብል መሪውን ማን ይያዝልኝ?

ልሣነወርቅ፦ ነፋስ ነው ያነሳኝ። ከሐይቁ በኩል ድንገት መጣብኝ።

ይርዳው፦ ነፋስ።

ልሣነወርቅ፦ ነፋስ አልኩህ እኮ።

ይርዳው፦ እሺ፣ ነፋስ ይሁን። ነፋስ ከሆነ ዛሬም ይነፍሳል። ለዚህ ነው ከአፍንጫዋ ትታሰር የምለው። በቅሎ በልጓም ሲስቧት ብትወድም ባትወድም አንገቷ ወደሚስባት ሰው ይዞራል። ገመዱን ወገቧ ላይ አስረው ቢስቧት ግን እንዳሻት ትሆናለች። ይቺም እንደዚያው ናት። ገመዱ አፍንጫዋ ላይ ቢሆን፣ ከኔ በላይ ልውጣ ስትል ራሱ ገመዱ ይመልሳታል። ሆዷ ላይ ሲሆን የሚመልሳት የእርስዎ እጅ ብቻ ነው። እጅዎና… ሌላም ነገር።

ልሣነወርቅ፦ ሌላ ምን?

ይርዳው፦ ምንም። እጅዎ።

ልሣነወርቅ፦ እጄ ምን ሆነ? አንተን መሪ አያያዝ ያስተማረ እጅ ነው። አየር ኃይል ሳይወስድህ በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ማን ነበር «ቀስ በል፣ እንደ እንቁላል ያዘው» የሚልህ?

ይርዳው፦ እጅዎን አላማሁም። እጅዎን ያማሁ እንደሆን ምላሴ ይድረቅ።

ልሣነወርቅ፦ ታዲያ መንጠቆ መንጠቆ አትበል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ እንደሆነ ተደፍኗል።

ይርዳው፦ ማን ደፈነው?

ልሣነወርቅ፦ ክበቡ።

ይርዳው፦ ክበቡ ማን ነው? እርስዎ፣ እኔና ዘበኛው። ለምሥረታ በዓሉ ፊቷ ላይ ጭልፊት ይሳልባት ተባለ። ሠዓሊው መጥቶ «ይሄ ብረት ምንቃሩን ያበላሽብኛል» አለ። እኛ ደግሞ «እውነቱን ነው» ብለን መንጠቆውን ነቅለን፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነን፣ ቀለም ቀባንበት። ሌላው ክበብ ለመንጠቆ ሲል ሥዕል ይፍቃል፤ የኛው ለምንቃር ሲል መንጠቆ ነቀለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ልሣነወርቅ፦ ሲመረቅ አንተም አጨብጭበሃል።

ይርዳው፦ አጨብጭቤያለሁ። ያኔ ዊንቹ ደህና ነበር፤ ያ መንጠቆ ሥራ ፈት ነበር። ትናንት መጋዘን ገብቼ ፈልጌ አገኘሁት። ስፕሪንጉን ዝገት በልቶታል። አዲስ ስፕሪንግ ይምጣ፣ ስቱኮው ይፈቅፈቅ፣ እስከ መቀመጫው ሽቦ ይዘርጋ። ሳምንት ይስጡኝ፣ እኔው በእጄ እገጥመዋለሁ። ከዚያ በኋላ እስከፈለጉት እጎትትዎታለሁ።

ልሣነወርቅ፦ ሳምንት ከየት ላምጣ? የመሬት ቢሮ ሰዎቹ ከምሳ በፊት ይመጣሉ። ይቺን ቃል እንዴት እንዳገኘኋት ታውቃለህ? ደጅ ጠንቼ፣ ሲቀመጡ ቆሜ፣ ሲነሱ ተከትዬ ነው። «ሜዳችሁ ላይ ከብት ይግጣል እንጂ ሲበር አይታይም» አሉኝ። «ግላይደራችሁ ስትወጣ በዓይናችን ካየን ሜዳው ይቆይላችኋል። ካላየን ለብሎኬት ማምረቻ ይሰጣል።» ሌላ ቀጠሮ ስለምናቸው አንደኛው «አባባ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል እንደዚህ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እኔን ሞኝ አድርገው ሰው ፊት አሳቁብኝ።

ይርዳው፦ እኔ ብቻዬን በጎታቿ ብወጣስ? ራሳቸው ላይ ዞሬ ዞሬ ብመለስ?

ልሣነወርቅ፦ ያልጠየቅኩ መሰለህ? «እሷማ የኪራይ ናት፣ ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ ስትረጭ በየቀኑ እናያታለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንተም ከሰዓት በኋላ ወደ እርጭትህ ልትመልሳት ነው።

ይርዳው፦ እንግዲያው ግላይደሯን ሌላ ሰው ያብራት።

ልሣነወርቅ፦ ማን?

ይርዳው፦ የድሮ ተማሪዎ አልማው።

ልሣነወርቅ፦ አልማው የጅቡቲ መንገድ ላይ ሲኖ የጭነት መኪና ይነዳል። ደወልኩለት። «ጋሼ፣ አሁን ቁልቁለት ላይ ነኝ፣ ሰማዩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለኝ።

ይርዳው፦ ስንዱስ?

ልሣነወርቅ፦ ልትወልድ ተቃርባለች። ሆዷን ይዛ እዚያ ጠባብ መቀመጫ ውስጥ ትግባልህ? አልቀናል እኮ ይርዳው። ሰው የለንም። የቀረነው እኔና አንተ ነን።

ይርዳው፦ ግላይደሯን እኔ ላብራት።

ልሣነወርቅ፦ ጎታቿንስ?

ይርዳው፦ እርስዎ።

ልሣነወርቅ፦ የሞተር አውሮፕላን ፈቃዴን ከመለስኩ ቆየሁ፤ ታውቃለህ።

ይርዳው፦ አውቃለሁ። የሞተሩን መልሰው የግላይደሯን ያስቀሩት ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ልሣነወርቅ፦ ለክበብ ግላይደር ሐኪም ዘንድ ሂድ የሚል የለማ።

ይርዳው፦ አሃ።

ልሣነወርቅ፦ ምን አሃ ያሰኝሃል? አረጀሁ። ያረጀ ሰው ሐኪም አይወድም። አንተም ስትደርስ ታየዋለህ።

ይርዳው፦ እኔ ምን አልኩ?

ልሣነወርቅ፦ ስልኬ ጮኸ መሰለኝ። እስቲ እየው፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።

ይርዳው፦ ሰዎቹ ናቸው። «ከከተማ ወጥተናል፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁን» ይላል።

ልሣነወርቅ፦ ይኸው። እንግዲህ ወይ ተነስ፣ ወይ እንቢ በል።

ይርዳው፦ እንቢ ካልኩ እኮ ቆየሁ።

ልሣነወርቅ፦ አንድ መላ አለኝ። ከአሮጌው ገመድ ክንድ የምታህል ቆርጠን አዲሱ መሀል እንቀጥላታለን። ከመጠን በላይ ሲወጠር እሷ ትበጠሳለች። ትናንት አዳነችህ አይደል? ዛሬም ታድንሃለች።

ይርዳው፦ መላውስ ባልከፋ። ግን የትናንቷ የተበጠሰችው እሷ በፈለገችበት ሰዓት ነው። ትንሽ ብትዘገይ እኔ ማሳው ውስጥ ነኝ። ትንሽ ብትቀድም እርስዎ ባሕር ዛፉ ላይ ነዎት። ነፍሴን ለአሮጌ ገመድ አደራ ልስጥ? እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔ ደግሞ ያየሁት ልጡን አይደለም።

ልሣነወርቅ፦ ተው እንጂ ይርዳው። ይሄ ሜዳ ላንተም እኮ ምንም አይደለም ማለት አትችልም። አባትህ ሲሞቱ ከቀብር ቀጥታ የመጣኸው እዚህ ነው። ማንንም ሳታናግር እዚያች ግላይደር ክንፍ ሥር ተኛህ። ብሎኬት ሲደረደርበት አያንገበግብህም?

ይርዳው፦ ያንገበግበኛል። እርስዎን ከሚያንገበግብዎት ባይበልጥ አያንስም። ትናንት ማታ ሚስቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ የመለስኩላት ስለ ሜዳው ነው። ስለ ማሳው አልነገርኳትም።

ልሣነወርቅ፦ እንግዲያውስ አንዴ። አንዴ ብቻ አውጣኝ፤ ሰዎቹ ይዩ፤ ከዚያ መንጠቆህን ግጠም፣ ጭልፊቱንም ከፈለግህ ፍቀህ ጣለው።

ይርዳው፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።

ልሣነወርቅ፦ ተስማማህ ማለት ነው?

ይርዳው፦ ነፋሱ እንዴት ነው? የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ወዴት ያሳያል?

ልሣነወርቅ፦ ጨርቁ?

ይርዳው፦ ያ ከሜዳው ጫፍ፣ ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው።

ልሣነወርቅ፦ ወደ ሐይቁ ነው። ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ይወዛወዛል። ለመነሳት የሚመች ነፋስ ነው።

ይርዳው፦ ደህና አድርገው ይዩልኝ።

ልሣነወርቅ፦ አየሁት እኮ ነው የምልህ። ቀለሙ ደበዘዘ እንጂ ይታያል።

ይርዳው፦ ጨርቁን ጠዋት አውርጄዋለሁ ጋሼ። አጣጥፌ ተቀምጬበታለሁ። ምሰሶው ባዶውን ነው የቆመው። ይቅር ይበሉኝ።

ልሣነወርቅ፦ ይሄ የሻምበል ሥራ አይደለም። የወንበዴ ሥራ ነው።

ይርዳው፦ ነው። ፊት ለፊት ብጠይቅዎት ግን «ነፋስ ነው» ነበር የሚሉኝ።

ልሣነወርቅ፦ ሌላ ማን ያውቃል?

ይርዳው፦ ማንም። እኔም እስካሁኗ ደቂቃ ድረስ ባልሆነ እያልኩ ነበር።

ልሣነወርቅ፦ ባለቤቴም አታውቅም። ሻይ ስትሰጠኝ እጇን ዳብሼ ነው የምቀበላት፤ ፍቅር ይመስላታል።

ይርዳው፦ ምንድን ነው አሉዎት?

ልሣነወርቅ፦ የዓይን ግፊት። እንደ ሌባ ነው የሚገባው አለችኝ ሐኪሟ። ከዳር ከዳር እየሰረቀ መሀሉን ይተውልሃል፤ አንተም ምንም እንዳልጎደለብህ ሰው ትኖራለህ። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል። የሄደው አይመለስም። የቀረውም እየሄደ ነው።

ይርዳው፦ ትናንትስ?

ልሣነወርቅ፦ ትናንት መጀመሪያ ላይ ትታየኝ ነበር። ጭራህን በዚያች በቀዳዳዬ ይዤህ ነበር። አንዴ የከፍታ መለኪያውን ለማየት ዝቅ አልኩ። ቀና ስል የለህም። በግራ ፈለግሁህ፣ በቀኝ ፈለግሁህ። ከላይ ትሆናለህ ብዬ ቀና አልኩ። ከሥሬ ነህ ብዬ አላሰብኩም። ይርዳው፣ እኔ ሽቅብ የወጣሁት አንተን ፍለጋ ነው።

ይርዳው፦ እኔን ፍለጋ።

ልሣነወርቅ፦ አዎ። ገመዱ ሲበጠስ ሰማሁት። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ሜዳውን እግሬ ስለሚያውቀው አረፍኩ። ካረፍኩ በኋላ መስኮቱን ከፍቼ ሞተርህን አዳመጥኩ። እስክሰማው ድረስ የነበረውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኘውም።

ይርዳው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ቀድመው ቢነግሩኝ…

ልሣነወርቅ፦ ባልደብቀውም አይገኝለትም ነበር። በተረት አታባብለኝ። ይልቅ እውነቱን ንገረኝ። ገመዱ ከአፍንጫዋ ቢታሰር ኖሮ?

ይርዳው፦ ገመዱ ራሱ ይመራዎት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ባያዩኝ እንኳ ፊቷ ወደኔ እንደዞረ ይቆያል። ፈልገው ያገኙኝ ነበር።

ልሣነወርቅ፦ ለአንዴ ይበቃ ነበር?

ይርዳው፦ ለአንዴ ምናልባት። ከዚያ በላይ አልዋሽዎትም።

ልሣነወርቅ፦ ስለዚህ ሳምንት ብሰጥህም መንጠቆው ለኔ አይደለም።

ይርዳው፦ አይደለም ጋሼ።

ልሣነወርቅ፦ እንግዲህ እኔ በቃኝ ማለት ነው። ይሁን። ግን ዛሬን አውጣኝ። ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም። የከፍታ መለኪያም አላይ፣ ሐይቅም አላይ። አንተን ብቻ አያለሁ። ብሞትም በገዛ ሜዳዬ ላይ ነው። ማንም አይቆጭም።

ይርዳው፦ የሚሞቱት እርስዎ አይደሉም።

ልሣነወርቅ፦ እንዴት?

ይርዳው፦ እርስዎማ ገመዱን ለቀው፣ እንደ ትናንቱ ዞረው ያርፋሉ። ማሳው የኔ ነው።

ልሣነወርቅ፦ እውነትህን ነው። ይሄን ሁሉ ስለምንህ ስለ ራሴ ሞት የማወራ መስሎኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ይርዳው፦ ሜዳው ሊወሰድበት የሆነ ሰው። ይተዉት።

ልሣነወርቅ፦ መኪና ይሰማል።

ይርዳው፦ እነሱ ናቸው። ከድልድዩ ወዲህ ገብተዋል፤ አቧራው ይታያል።

ልሣነወርቅ፦ ስንት ናቸው?

ይርዳው፦ አንድ ነጭ ፒክአፕ ነው። ከኋላ የተጫኑም አሉ። ሜትር የያዙ ይመስለኛል።

ልሣነወርቅ፦ ሊለኩት ነው የመጡት። ሳያዩን ሊለኩት። እኔስ ምን እላቸዋለሁ? «ዓይኔ ጠፋ» ብል፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ራሳችን ላይ ሲዞር የነበረው ዕውር ነው» ሊሉ ነው። ሜዳው ብቻ መሰለህ የሚሄደው? የበረርኩት ዘመን ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያስተማርኳቸው ሁሉ «ማን ነው ያስተማረህ?» ሲባሉ ያፍራሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ይርዳው፦ የዓይንዎን ነገር አያንሱባቸው።

ልሣነወርቅ፦ መንጠቆውን ላንሳ? ለምንቃር ብለን ነቀልነው ልበል? ያ ደግሞ ባሰ።

ይርዳው፦ መንጠቆውንም አያንሱ።

ልሣነወርቅ፦ ታዲያ ምን ልበል? አፌን ዘግቼ ሜትራቸውን ልያዝላቸው?

ይርዳው፦ ጎታቹ ፈራ ይበሏቸው።

ልሣነወርቅ፦ አንተ? አንተ ፈራህ ልበል?

ይርዳው፦ «ሁሉ ነገር ዝግጁ ነበር፣ እኔም ዝግጁ ነበርኩ፤ ሻምበሉ ፈርቶ አልጎትትም አለ» ይበሉ። ከዚያ ሜዳውን ይውሰዱት። ስምዎን ግን አይወስዱም።

ልሣነወርቅ፦ ያንተስ ስም? ጦር ሜዳ ላይ ስትበር የኖርክ ሰው ነህ። ከተማው የሚያውቅህ በዚሁ ነው። ነገ ጠጅ ቤት ስትገባ ወንበር የሚለቅልህ ይጠፋል።

ይርዳው፦ ቆሜ እጠጣለሁ።

ልሣነወርቅ፦ አያምኑኝም እኮ። ማንም አያምነኝም። አንተን ፈራ ብል «ሽማግሌው ዋሸ» ነው የሚሉት።

ይርዳው፦ ያምናሉ ጋሼ። እርስዎ አላዩትም እንጂ፣ እጄ ከትናንት ጀምሮ መንቀጥቀጡን አልተወም። ሲጨብጡኝ ያገኙታል።